ሲያንስ የማይጎድል ሕግ

ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በተባለው ሥራው አሥረኛ ክፍል፣ ሠዓሊ የሚሥለው አልጋ አናጢ ከሚሠራው አልጋ፣ የአናጢውም አልጋ በአእምሮ ብቻ ከሚታወቀው የአልጋ ምንነት እንደሚያንስ ካስረዳ በኋላ፣ ምስለት፣ ማለትም አንድን ነገር አስመስሎ መሥራት፣ ከእውነት በሦስተኛ ደረጃ ርቆ የሚገኝና የነገሩን መልክ እንጂ ነገሩን ራሱን የማይነካ ሥራ ነው ሲል ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ባቡርን፣ ጣቢያንና ሐዲድን አሳንሰው በሚሠሩ ሰዎች ጥበብ ላይ በአብዛኛው የሚጸና ይመስላል፤ በብሪታንያ በሰፊው በተለመደው መጠን፣ የእውነተኛው ዕቃ 1 ጫማ በ4 ሚሊ ሜትር ተወክሎ ሁሉም ነገር 76 ጊዜ ያህል በሚያንስበት ሥራ፣ የምልክት ቤቱ ጡብ ጡብ አይደለም፣ ጭስ ማውጫውም ጭስ አያወጣም። ነገር ግን ከዚያው ቤት ጋር የሚሠራ አንድ ዕቃ፣ ትንሹ የዘንጎች ማዕቀፍ፣ ከፍርዱ ያመልጣል።

የምልክት ቤት ማለት በባቡር መስመር ዳር ከፍ ብሎ የተሠራ፣ መስኮቱ የበዛ ቤት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሠራተኛ በአንድ ማዕቀፍ ላይ በተርታ የተተከሉ ረጃጅም የብረት ዘንጎችን እየጎተተና እየመለሰ፣ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን መቀየሪያዎችና «እለፍ» ወይም «ቁም» የሚሉትን የምልክት ክንዶች ከሩቅ ያንቀሳቅሳል። በብሪታንያ ልማድ የ«ቁም» ምልክት ዘንግ ቀይ፣ የመቀየሪያው ጥቁር፣ የመቀየሪያው መቆለፊያ ዘንግ ደግሞ ሰማያዊ ይቀባል፤ በሽሩዝበሪ ከተማ ዛሬም ቆሞ የሚታየው የሴቨርን ብሪጅ ጃንክሽን ቤት ብቻውን 180 ዘንጎችን ይዟል። ጆን ሳክስቢ እ.ኤ.አ. በ1856 መቀየሪያና ምልክት ተስማምተው እንዲሠሩ የሚያደርግ መሣሪያ በስሙ አስመዘገበ፤ በ1889 በአየርላንድ አርማ አጠገብ 80 ያህል ሰዎች ካለቁበት አደጋ በኋላ የወጣው ሕግም ዘንጎች እርስ በርስ እንዲቆላለፉ በመንገደኛ መስመሮች ሁሉ ላይ ግዴታ አደረገ። እርስ በርስ መቆላለፍ የሚባለው፣ አንዱ ዘንግ ከተጎተተ ከእሱ ጋር የሚቃረነው ሌላው ዘንግ ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው። ከ1870ዎቹ ወዲህ እየተስፋፋ በሄደው አሠራር፣ ከየዘንጉ ጋር የተያያዘ ጠፍጣፋ ብረት ጠርዙ ላይ ሰያፍ ጎድጓድ ይቀረጽበታል፤ ዘንጉ ሲጎተት ብረቱ ይንሸራተትና በጎድጓዱ ውስጥ የተቀመጠችውን መቀርቀሪያ ወደ ጎን ይገፋታል፣ እርሷም በሌላው ብረት ጎድጓድ ገብታ ያንን ዘንግ ታስረዋለች።

ይህንኑ በነሐስ ቁራጭና በቀጭን ሞረድ አሳንሶ የሚሠራ ሰው የሠራው የመቆላለፍን ሥዕል አይደለም። ትንሿ መቀርቀሪያ በእርግጥ ታስራለች፣ የታሰረውም ዘንግ በእርግጥ አይጎተትም፤ ክልከላው 76 ጊዜ አልደከመም። ሠሪው ጣት እንዲይዘው ብሎ ማዕቀፉን ከቤቱ መጠን አግዝፎ ትንሹ ሐዲድ በተዘረጋበት ሠሌዳ ጠርዝ ላይ ቢተክለውም የሚለወጥ ነገር የለም፤ «ይህ ከሆነ ያ አይሆንም» የሚለው ዝምድና ርዝመትም ክብደትም የለውምና። በሥዕል አልጋ ላይ ማንም አይተኛም፤ በትንሹ ማዕቀፍ ግን ሕጉ ራሱ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ይሠራል።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል። ሕጉ የወጣው የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ ከሆነ፣ ሕይወት በሌለበት ሠሌዳ ላይ እሱን ማክበር ምክንያቱ የሞተበት ልማድ አይሆንምን? ተቃውሞው የሚጸናው ግን የሕጉ መሠረት ጉዳት ብቻ ነው ከተባለ ነው። ክንዱ «እለፍ» ሲል መንገዱ ለዚህ ባቡር ተዘጋጅቷል የሚል ቃል ይሰጣል፤ መቀየሪያው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ሳለ ይህ ቃል ከተሰጠ፣ የሚጎዳ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ቃሉ ሐሰት ነው። መቀርቀሪያዋ በመጀመሪያ የምትከለክለው ሐሰትን ነው፤ ከሞት የምትጠብቀውም ሐሰትን በመከልከሏ ነው። ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ሰው በእውነት ነጻ የሚሆነው ራሱ ላወጣው ሕግ ራሱ ሲገዛ እንደሆነ ያስተማረው ትምህርት በዚህ ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የትኛው ዘንግ የትኛውን ማሰር እንዳለበት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አስቦ ያወጣው፣ ጎድጓዱንም በገዛ ሞረዱ የቀረጸው ሰው፣ በማግስቱ በችኮላ የተሳሳተውን ዘንግ ሲስብ እንቢ የሚለው የራሱ ፍርድ ነው።

ሆኖም ማዕቀፉ የሚያውቀው የዘንጎቹን መስማማት ብቻ ነው፣ በሐዲዱ ላይ ምን እንደቆመ አያውቅም። ግንቦት 22 ቀን 1915 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ክዊንቲንስሂል፣ የምልክት ሠራተኛው ወደ ሥራው የመጣበት ባቡር ከቤቱ ፊት ለፊት በዋናው መስመር ላይ ቆሞ ሳለ፣ እሱን ረስቶ ወታደር ለጫነ ባቡር በዚያው መስመር መንገዱን ፈቀደ፤ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ዘንጎቹ እርስ በርሳቸው አልተቃረኑም፤ ቃላቸው ከሐዲዱ እውነት ጋር ግን አልገጠመም። ለዚህ ዓይነቱ መርሳት የታሰበው መከላከያ፣ መስመሩ መያዙን ለማስታወስ በዘንጉ እጀታ ላይ የሚጠለቅ ተራ የብረት ቀለበት ነበር፤ ደንቡ ቢያዝም በዚያ ጠዋት አልተደረገም። ቀለበቱ ከመቀርቀሪያዋ የሚለየው፣ በራሱ ምንም ስለማያውቅ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚያጠልቀው ትጉህ እጅ የሚሻ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህም ከማዕቀፉ ዕቃዎች ሁሉ ለመሥራት የቀለለውና ለመጠበቅ የከበደው እርሱ ነው።

የላንካሻየርና ዮርክሻየር የባቡር ድርጅት በማንቸስተር ቪክቶሪያ ሠልጣኞቹን ያስተምርበት የነበረው፣ ዛሬ በዮርክ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም የሚገኘው አነስተኛ ባቡር፣ ማንንም በማይጭኑ ፉርጎዎች ላይ የሰው ትኩረት መሠልጠን እንደሚችል በማመን የተሠራ ነው። እምነቱ ትክክል ከሆነ፣ በቤቱ ለብቻው የሚሠራ ሰው መቀርቀሪያዎቹን ሁሉ በጥንቃቄ ሞርዶ ቀለበቱን ቢተወው፣ የተወው ለጌጥ የሚጨመር ዝርዝር ሳይሆን መሣሪያው ለሰው ያስቀረውን የሥራ ድርሻ ነው።