አደራ የሰጠ ሰው ከአደራው ነጻ ነውን?

አንድን ሥራ ለሌላ ሰው በአደራ ያስረከበ፣ ሥራው በተበላሸ ጊዜ ከኃላፊነት ነጻ ይወጣልን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው ከመጻሕፍት አይደለም፤ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከሚገኝ አንድ የትምህርት ቤት ግቢ ነው።

በዚያ ተማሪዎች ዓሣንና አትክልትን በአንድ ውኃ የማልማትን ዘዴ፣ አኳፖኒክስ የሚባለውን፣ ይለማመዱ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆሮሶ የሚባሉት ዓሦች በሮቶ ውስጥ ይኖራሉ። ከእነርሱ የሚወጣው አሞኒያ በውኃው ቢከማች ይገድላቸዋል። ነገር ግን ፓምፕ ውኃውን ጠጠር ወደ ሞላበት መደብ ሲያወጣው፣ በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን ሰላጣውና ቆስጣው ይመገቡታል፤ የጠራውም ውኃ ወደ ዓሦቹ ይመለሳል። ትንሹ አቃቂ ወንዝ በተበከለበት፣ በዚያው ውኃም አትክልት በሚጠጣበት በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ልጆች ንጹሕ ቅጠል በጥቂት ውኃ ማብቀልን መማራቸው የሚያስመሰግን ነው።

በገና በዓል ሰሞን ትምህርት ቤቱ ለ3 ቀን ተዘጋ። ለተረኛው ተማሪ የተሰጠው ትእዛዝ በየቀኑ እንዲመግብና በመዝገብ እንዲጽፍ ነበር። በሩን ማን እንደሚከፍትለት ግን ያሰበ አልነበረም። ልጁም በዋዜማው የ3 ቀኑን መኖ በአንድ ጊዜ ጨመረ፤ በመዝገቡም ላይ በ3ቱም ቀኖች አንጻር «ተሰጠ» ብሎ ፈረመ።

ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ የመብላት ፍላጎቱ ይቀንሳል። በከተማችን ደግሞ የታኅሣሥ ሌሊት አየር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ያልተበላው መኖ በሰበሰ፤ አሞኒያውም ባክቴሪያዎቹ ከሚችሉት በላይ ሆነ። በሩ ሲከፈት አብዛኞቹ ዓሦች ሞተው ተገኙ።

ልጁ ከቡድኑ ተሰናበተ፤ ምክር እንድንሰጠውም ወደ እኛ ተላከ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ብንጠይቀው፣ «አባ፣ እንዳይርባቸው ብዬ ነው» አለን። ለምን ሐሰት እንደ ጻፈ ብንጠይቀው ደግሞ፣ «ባዶ ቦታ ከተገኘ እቀጣለሁ» ሲል መለሰ።

እንግዲህ ጥፋቱን እንመዝን። ሐሰት መጻፉ ጥፋት ነው፤ ይህን ለራሱም ሳንሸሽግ ነግረነዋል። መኖውን ማብዛቱ ግን ከርኅራኄ የመጣ አለማወቅ ነው። ጤነኛ የሆነ ያደገ ቆሮሶ፣ በተለይ በብርድ ጊዜ፣ 3 ቀን ሳይበላ ቢቆይ አይሞትም። ስለዚህ በዚያ በዓል ትክክለኛው ሥራ ምንም አለመጨመር ነበር። ይህን ሊያውቁና ሊነግሩት የሚገባቸው ታላላቆቹ ነበሩ። ልጁ ግን ቁልፉም እውቀቱም ሳይሰጠው ትእዛዙን ብቻ ተቀበለ።

«ነገሩ የዓሣ ጉዳይ ብቻ ነው» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2417 እና 2418 እንደሚያስተምረን፣ እንስሳትን ለምግብ መጠቀም የተገባ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ግን የሰውን ክብር የሚቃወም ነው። ሕይወት ያለውን ፍጡር ለትምህርት ስንጠቀምበት፣ በልጅ ስሕተት እንዳይጠፋ አስቀድመን ማሰብ ግዴታችን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ይኸውም፣ ኃላፊነቱን ሁሉ ታላላቆች ከተሸከሙት ልጅ ኃላፊነትን ከየት ይማራል? የሚለው ነው። እውነት ነው፤ አደራ ያልተሰጠው አደራ መጠበቅን አይማርም። ነገር ግን አደራ ሲሰጥ ይከፈላል እንጂ ከሰጪው ትከሻ ፈጽሞ አይወርድም። ማየት፣ መለካትና ያዩትን በእውነት መናገር የልጁ ድርሻ ነው። ቁልፍ፣ ገንዘብና እውቀት የሚጠይቀው፣ ለምሳሌ መብራት ሲጠፋ ፓምፑን የሚተካ ባትሪ ማዘጋጀት፣ የታላላቆች ድርሻ ነው። ባዶ መስመር የሚያስቀጣ ከሆነ ግን፣ መዝገቡ እውነትን ሳይሆን ፍርሃትን ይመዘግባል፤ ያን ጊዜ ሐሰትን ያስተማርነው እኛ ነን።

ይህን ለመምህራኑ ገለጽን፤ እነርሱም በትሕትና ሰሙን። ልጁ ወደ ቡድኑ ተመለሰ። በመዝገቡም ላይ «አልተሰጠም፤ ምክንያቱም» የሚል አዲስ ዓምድ ተጨመረ፤ በዚያ ዓምድ የሚጽፍም አይቀጣም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እኛም በየቁምሥናችን ለወጣቶች መዝሙሩን፣ የድሆች ሣጥኑን፣ የሕፃናቱን ክፍል በአደራ እንሰጣለን። ሥራው ሲበላሽ «ማን ነበር ተረኛው?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ቁልፉን ሰጥተነው እንደ ነበር ራሳችንን እንጠይቅ።