ማኅበርተኝነትና ተማሪነት አብረው ይሄዳሉን?

በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ዙሪያ ያለ ገበሬ በቆሎውንና በርበሬውን ሸጦ፣ የፍኖተ ሰላም ነጋዴም ከሱቁ ትርፍ ቆንጥሮ ልጁን ዩኒቨርስቲ ሲልክ፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «ከማንም ጋር አትግጠም፤ ትምህርትህን ብቻ ያዝ» ይለዋል። ምክሩ ከፍቅርም ከፍርሃትም የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ ሊጣጣል አይገባም። ነገር ግን ትክክል ነውን? ተማሪ በማኅበር መታቀፉ ከጠንካራ ትምህርት ጋር የሚጻረር ነገር ነውን? የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ይህንን ጥያቄ ነው።

ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚታይ አለመሆኑን ለመረዳት የትምህርት ዕድሉ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ማስታወስ ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. እንኳ ቁጥሩ ከመቶ 8.4 አላለፈም። በአማራ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት የሆነው ፍኖተ ሰላም ራሷ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በደረሰባት የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞተውባታል። በዚህ ሁሉ መካከል አልፎ ከዩኒቨርስቲ በር የደረሰ ልጅ የቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ተስፋ ተሸክሟል። ስለዚህ አራት ዓመቱን በምን ያሳልፋል ብሎ መጠየቅ ከሰው ጉዳይ መግባት አይደለም።

ማኅበሩ የሚሰጠው ነገር

በአሜሪካ ኮሌጆች «ፍራተርኒቲ» የሚባል የወንድማማች ማኅበር አለ። አዲስ ተማሪ ተመርጦ፣ ተፈትኖና ቃል ገብቶ ይገባበታል፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የማኅበሩ ወንድም ነው። በእኛ ግቢዎች በዚህ ስም የሚጠራ ነገር ባይኖርም ተግባሩ ግን አለ። የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ፣ የኦርቶዶክሶች ግቢ ጉባኤ፣ የፕሮቴስታንቶች ፌሎሺፕ አለ። ከእነዚህ ሌላ ስምም ማኅተምም የሌለው፣ ነገር ግን አንዳንዴ ከሁሉም ይበልጥ የሚጠብቅ የአገር ልጆች ስብስብ አለ።

ከቡሬ ገጠር የወጣ ልጅ ምደባው ጅማ ወይም ሐረማያ ቢደርሰው፣ ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ ቋንቋውም አየሩም እንግዳ ይሆንበታል። ያን ቀን የሚቀበለው፣ ዶርሙን የሚያሳየው፣ ሲታመም ክሊኒክ የሚወስደው፣ የቤተሰቡ ገንዘብ ሲዘገይ የሚያበድረው ማን ነው? ጀመዓው ወይም የአገሩ ልጅ ነው። የትኛው መምህር እንዴት እንደሚፈትን የሚነግረው፣ ያለፈ ዓመት ደብተሩን የሚያወርሰው፣ ካልኩለስ ሲከብደው ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጦ የሚያስረዳው ሲኒየር የሚገኘውም በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ «ከማንም ጋር አትግጠም» የሚለው ምክር ለዚህ ልጅ ምን ማለት ነው? በከተማ አድጎ፣ አጎቱ መምህር፣ እኅቱ ሐኪም ለሆነችለት ልጅ ብቸኝነት ጉዳት ላይኖረው ይችላል። ለገጠሩ ልጅ ግን ብቸኝነት ራሱ አንዱ የመውደቂያ ምክንያት ነው።

በእርግጥ ተቃራኒው ወገን የሚያቀርበው ነገርም ባዶ አይደለም። ስብሰባው ይበዛል፤ ኮሚቴው ኮሚቴ ይወልዳል፤ የተመራቂዎች መሸኛና የአዲሶች መቀበያ ዝግጅት የፈተና ሰሞን ላይ ይወድቃል። ወንድማማችነት በፈተና አዳራሽ ውስጥ ወደ መኮራረጅ ሲለወጥም ታይቷል። በኢሕአዴግ ዘመን በየዩኒቨርስቲው የተዘረጋው «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ጠንካራው ደካማውን እንዲያግዝ የታሰበ ነበር። በብዙ ቦታ ግን አንዱ የሠራውን አሳይመንት አምስቱ ስማቸውን የሚጽፉበት፣ ከዚያም አልፎ አንዱ ሌላውን የሚከታተልበት ሰንሰለት ሆነ የሚል ብርቱ ወቀሳ ቀርቦበታል። ይህ የሚያስተምረን ነገር አለ። ሰዎችን በአንድነት ማስቀመጥ ብቻውን ዕውቀት አያመጣም።

ዕውቀት በብቸኝነት አልመጣም

ሆኖም ታሪክን ስናገላብጥ ትምህርትና ማኅበር ጠላቶች ሆነው አናገኛቸውም። በወሎ በጀማ ንጉሥ፣ በጌታና በዳና በነበሩት የዒልም ማዕከላት ደረሳው የሚኖረው በጋራ ነበር። መንደርተኛው የሚሰጠውን ምግብ ተካፍሎ ይበላል፤ ጎጆውን አብሮ ይሠራል፤ የገፋው ደረሳ ጀማሪውን ያስቀራል። ነህውና ፊቅህ የተላለፈልን በዚህ የወንድማማችነት ኑሮ ውስጥ ነው። የጎጃም ጎረቤቶቻችንም ሌላ ልምድ የላቸውም። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ቤቶች የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የለመነውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። የቆጠረውን ቅኔ ግን ጓደኞቹም መምህሩም ሳይራሩ ያርሙታል። ቁራሹን ሲካፈሉት አንድ ናቸው፤ ቅኔው ከተበላሸ ግን ወንድሜ ነው ብሎ የሚያልፍለት የለም።

ከአገር ውጭም ምሳሌ አለን። በካይሮው አል-አዝሀር ተማሪዎች እንደየአገራቸው በ«ሪዋቅ» ተከፋፍለው ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ከእኛው አካባቢ ለሚሄዱ ሙስሊሞች የተመደበው የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነው። የራሱ ሸይኽና ለተማሪዎቹ የተመደበ የዳቦ ድርሻ ነበረው። ከዚህ ሪዋቅ አለቆች ዘር የተወለደው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753-1825 እ.ኤ.አ.) የግብጽን ታሪክ፣ ናፖሊዮን በ1798 አገሪቱን ሲወርር ያየውን ጭምር፣ ጽፎ ለዓለም አስቀርቷል። የአገር ልጆች ስብስብ እንዲህ ያለ ፍሬም ሊያፈራ ይችላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ልብ እንበል። ደረሳው ሪዋቁ ውስጥ ያድራል፤ ይመገባል፤ ለትምህርት ግን ወጥቶ ከሌላው አገር ልጅ ጋር በአንድ መምህር እግር ሥር ይቀመጣል። ሪዋቁ ማደሪያው እንጂ አጥሩ አልነበረም።

የአሜሪካኖቹ ማኅበራት ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። የመጀመሪያው «ፋይ ቤታ ካፓ» በ1776 እ.ኤ.አ. በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ሲቋቋም ተማሪዎች በነፃነት የሚከራከሩበት የምሥጢር ማኅበር ነበር፤ ዛሬ የጎበዝ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ሆኗል። በ1906 ደግሞ በኮርኔል ዩኒቨርስቲ ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች በነጮች መካከል ብቻቸውን ሆነው እንዳይወድቁ እየተሰበሰቡ ያጠኑ ነበር። ከዚያ ስብስብ የወጣው «አልፋ ፋይ አልፋ» በኋላ ማርቲን ሉተር ኪንግን ከአባላቱ ቆጥሯል። በአንጻሩ በ2017 በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርስቲ በሌላ ማኅበር የሆነውን እንመልከት። አንድ ወጣት በአባልነት መቀበያው ሌሊት ብዙ መጠጥ እንዲጠጣ ተደርጎ ከደረጃ ወደቀ። «ወንድሞቹ» እርዳታ ሳይጠሩ 12 ሰዓት ያህል አለፈ፤ ልጁም ሞተ። ቤቱ በሰው የተሞላ ነበር፤ ሐኪም የጠራ ግን አልነበረም።

መለያው ምንድን ነው?

እንግዲህ ጥያቄው ማኅበሩ ስንት ሰዓት ይወስዳል የሚል ብቻ አይደለም። ሰዓት ይታረማል፤ ስብሰባ ይቀነሳል። የማይታረመው፣ ማኅበሩ አባሉን በራሱ ኅሊና ከመፍረድ ሲከለክለው ነው። ተማሪ ዩኒቨርስቲ የሚገባው ምን ለመማር ነው? ማስረጃ መመዘን፣ የሰማውን መጠየቅ፣ ስሕተት ሲያይ ስሕተት ነው ማለት ለመማር ነው። «ወንድሞችህ ካሉ እውነት ነው» የሚል ማኅበር ውስጥ የገባ ልጅ ፈተናውን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ይህን አይማርም። ስለዚህ መለያው ይህ ነው፦ አባሉ «በዚህ አልስማማም» ብሎ፣ በማግሥቱም ወንድም ሆኖ መቀጠል ይችላልን?

በዚህ ረገድ እኛ ሙስሊሞች ከሩቅ መበደር አያስፈልገንም። የኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ታላላቅ ተማሪዎች አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ በብዙ መስአላ ከመምህራቸው ተለይተዋል። የመዝሀቡ ኪታቦች የመምህሩንም የተማሪዎቹንም አስተያየት ጎን ለጎን ይዘው ቆይተዋል። ከጀመዓው አልተባረሩም፤ እንዲያውም መዝሀቡ የተስፋፋው በእነሱ ነው። ጀመዓ የሐሳብ ልዩነትን መሸከም እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻል?

አስቸጋሪው ቀን

አንባቢ እዚህ ላይ «ይህ በሰላም ቀን ነው» ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው። ጥቅምት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርስቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ግጭቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርስቲዎች ተዛምቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ግቢያቸውን ጥለው ወጡ። እንዲህ ባለ ሌሊት የአገሩን ልጆች ተጠግቶ በር የዘጋ ተማሪ ምን አጠፋ ይባላል? ምንም። ነፍሱን ማዳን መብቱ ነው። ይህን ያልቀመሰ ሰው ከሩቅ ሆኖ «ብቻህን ሁን» ማለት አይገባውም።

ችግሩ የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ሌሊት የጠበቀው ስብስብ ጠዋት ውለታውን ይጠይቀዋል። «ጠብቀንሃል፤ አሁን ድንጋይ ያዝ» ይለዋል። ወይም ያን ያህል ሳይሄድ «ከእነዚያ ጋር አታጥና፤ ከእነዚያ ጋር ካፌ አትቀመጥ» ይላል። የሚጠብቅና የሚያዝ ማኅበር አንድ ሆኖ ሲገኝ ልጁ ምን ያድርግ? አስቀድሞ ያላሰበበት ሰው በዚያች ጠዋት ሊያስብ አይችልም። ስለዚህ ውሳኔው ገና በገባ በመጀመሪያው ሴሚስተር መወሰድ አለበት። ይኸውም ከአንድ በላይ በር እንዲኖረው ማድረግ ነው። በጀመዓው ይሰግዳል፤ ከአገሩ ልጅ ጋር ቡና ይጠጣል፤ የሚያጠናው ግን በትምህርት ክፍሉ ካሉ ከኦሮሞውም፣ ከትግሬውም፣ ከሲዳማውም፣ ከክርስቲያኑም ጋር ነው። አንድ በር ብቻ ያለው ሰው የበረኛው ታዛዥ ነው። ብዙ በር ያለው ሰው አንዱን በር «እዚህ ላይ አልከተልህም» ሊለው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያኛው ወገን አብሮት ያጠና ጓደኛ ያለው ተማሪ ድንጋይ ለማንሳት እጁ አይታዘዝለትም።

የራሳችንን ቤት እንመልከት

ይህን ሁሉ ለሌሎች ብቻ ተናግረን ብናልፍ ፍትሕ አይሆንም። የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ በየግቢው ብዙ መልካም ሥራ ሠርቷል። ሶላትና ሒጃብ በግቢ ውስጥ አከራካሪ በነበሩባቸው ዓመታት ተማሪው ሃይማኖቱንም ትምህርቱንም ሳይለቅ እንዲዘልቅ የረዳው ይኸው ጀመዓ ነው። ነገር ግን መለያውን በራሳችንም ላይ እናውለው። በአንድ መስአላ የተለየ ልጅ ሰላምታ ይነፈገዋልን? ለፈተና ብሎ ከስብሰባ የቀረ ልጅ ኢማኑ ይጠረጠራልን? ከክርስቲያን የክፍል ጓደኞቿ ጋር ላይብረሪ የምታጠና እኅት በጎሪጥ ትታያለችን? መልሱ «አዎን» በሆነበት ግቢ ጀመዓው መታረም ይገባዋል፤ የሚያርመውም ከውስጥ ያለ ወንድምና እኅት ነው። ውጤቱ የወረደበትን አባል ፈልጎ «ለአንድ ወር ከኮሚቴ ሥራ አርፈህ አጥና» የሚል አሚር ያለበት ጀመዓ ግን የዒልም ወንድማማችነት ነው።

ስለዚህ ለወላጅ የምንለው ይህ ነው። «ከማንም ጋር አትግጠም» የሚለው ምክር አይፈጸምም፤ ልጁ ብቻውን ሊኖር አይችልምና። ከዚያ ይልቅ «ግጠም፤ ነገር ግን የምትገጥማቸው ሰዎች ስታጠና ደስ ይላቸው እንደሆነ እይ፤ ስትሳሳት ያርሙህ እንደሆነ፣ አልስማማም ስትላቸው ይታገሡህ እንደሆነ እይ» ቢለው ይጠቅመዋል። ለተማሪውም የምንለው ከዚህ አይለይም። በየሴሚስተሩ መጨረሻ የግሬዱን ወረቀት ሲቀበል አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ በዚህ ግማሽ ዓመት ማኅበሬን አንድ ጊዜ እንኳ «አይሆንም» ብዬ አውቃለሁን? ለማለት ምክንያት አጥቶ ከሆነ አልሐምዱሊላህ። ምክንያት እያለው ፈርቶ ከሆነ ግን የቤተሰቡ በቆሎና በርበሬ የተሸጠበትን ነገር ገና አላገኘውም።