ዘጠናው ቀን ሲፈጸም ልጁን ማን ይይዛል?



በሀገራችን ስለ ሥራና ስለ ቤተሰብ የወጡት ሕግጋት ካለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ወዲህ ብዙ ተለውጠዋል። ለውጡ በአመዛኙ ወደ መልካም ያዘነበለ ነው፤ ይህንንም በደስታ እንመሰክራለን። ነገር ግን ሕግ አንዱን በር ሲከፍት ሌላው በር ተዘግቶ መቅረቱን ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፋለን። በዚህ ጽሑፍ ከምእመናንና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሕግ ያላስገደደን ፍትሕ ግዴታችን ነውን? ይልቁንም ሕግ ለእኛ የሰጠንን መብት፣ በቤታችን ውስጥ ለምትሠራልን ለሌላዪቱ ልንነፍጋት ይገባልን?

አስቀድመን የቤተሰብን ሕግ እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርግ ነበር። ሴት ልጅም በ15 ዓመትዋ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በዚያው ሕግ ውስጥ ዛሬ ጥቂቶች ብቻ የሚያስታውሱት አንድ አንቀጽ አለ፤ ቁጥሩ 646 ነው። ባል ለሚስቱ አገልጋይ ሊያቆምላት የማይችል እንደ ሆነ፣ የቤቱን ሥራ እርስዋ ራስዋ ልትሠራ እንደሚገባት ይናገራል። ይህን አንቀጽ ልብ ብሎ ለሚያነብ ሰው ሁለት ነገሮች ይታዩታል። አንደኛው፣ የቤት ሥራ ከቶ የባል ጉዳይ ሆኖ አለመቈጠሩ ነው። ሁለተኛው፣ ሚስት ከዚህ ሥራ የምታርፈው ሌላ ሰው በእግርዋ ሲተካ ብቻ መሆኑ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 በወጣ ጊዜ ይህ አስተሳሰብ በጽሑፍ ተለወጠ። ይህ ሕግ በፌዴራል መንግሥቱ ሥር ላሉት ከተሞች የወጣ ሲሆን፣ አያሌ ክልሎችም ከዚያ በኋላ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በአዲሱ ሕግ መሠረት የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ሆነ። ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ፣ ልጆቻቸውንም በመተባበር እንዲያሳድጉ ተደነገገ። ከሁለቱ እያንዳንዳቸው በመረጡት ሥራ ሊሰማሩ ይችላሉ፤ ሠርተው ያገኙትም የሁለቱ የጋራ ሀብት ነው። ይህ ለብዙ እናቶችና እኅቶች ትልቅ ነጻነት ነበር።

የሥራ ሕጉም እንዲሁ ተራምዶአል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 አንዲት ሠራተኛ ከመውለድዋ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 60 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኝ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለውን ጊዜ ወደ 90 ተከታታይ ቀናት ከፍ አደረገው። ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛም 3 ተከታታይ ቀናት የአባትነት ፈቃድ ከሙሉ ክፍያ ጋር ፈቀደ። ዝቅተኛው የዓመት ዕረፍት ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀናት አደገ። በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኰሳና ጥቃት በስሙ ተጠርቶ ተከለከለ። ለሥራ የሚቀጠር ሰው ዝቅተኛ ዕድሜም ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አለ።

እንግዲህ እናቲቱ ዘጠናውን ቀን ፈጽማ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሕፃኑ ገና የሦስት ወር ነው። አባቱ ሦስት ቀኑን ከጨረሰ ሰንብቶአል። አያት በአቅራቢያው ያለችለት ሕፃን ዕድለኛ ነው። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ተከፍቶአል፤ ነገር ግን ለሁሉ አይዳረስም። ስለዚህ በብዙ የከተማ ቤቶች መልሱ አንድ ነው፦ በዘመድ ወይም በደላላ በኩል ከገጠር አንዲት ልጅ ትመጣለች። ያ ተሽሯል ያልነው የቀድሞው አንቀጽ በልማዳችን ውስጥ ሕያው ሆኖ የምናገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ሚስቲቱ ነጻ የወጣችው ባልዋ ሸክሙን ስለ ተካፈላት አይደለም፤ ሸክሙ ከእርስዋ ይልቅ ደካማ ወደ ሆነችው ትከሻ ስለ ተዛወረ ነው።

ለዚህች ልጅ ሕጉ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሚገዛቸው የሥራ ውሎች ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ትቶታል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ከአሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ ጤንነትና አኗኗር አሠሪው እንዲያስብ የሚያዝዙ ጥቂት አንቀጾች አሉት። ከዚያ ያለፈው ሁሉ በቤቱ ባለቤቶች ሕሊና ላይ ተጥሎአል። በፋብሪካ የምትሠራ የ16 ዓመት ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓትም ሥራ እንዳይሰጣት አዋጁ ይጠብቃታል። በቤታችን ያለችው የዕድሜ እኩያዋ ግን ሕፃኑ በሌሊት ባለቀሰ ቁጥር ትነሣለች፤ ሰዓትዋንም የሚቈጥርላት የለም።

በአንድ ቁምስና ያየነውን እንናገር። በየእሑዱ አንዲት ልጅ ሁለት ሕፃናትን ለመጀመሪያ ቁርባን ዝግጅት ወደ ትምህርት ታመጣ ነበር። ሦስተኛውን በጀርባዋ አዝላ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ክረምት ሲሆን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ትጠጋለች። አንድ ቀን መምህሩ ለምን እንደማትገባ ጠየቃት። «እኔ የተላክሁት ላደርሳቸው ነው» ብላ መለሰች። የዚያን ዕለት ትምህርት ስለ ሰባተኛው ትእዛዝ፣ ስለ «አትስረቅ» ነበር። እውነቱን ለመናገር እኛም አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ እየሰጠናት በአጠገብዋ ስናልፍ ኖረናል፤ አንድ ቀን እንኳ ስምዋን አልጠየቅንም።

መምህሩ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቲቱን አነጋገራት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ በትንሽ ደመወዝ ቤትዋን የምትደጉም ሠራተኛ ነበረች። «እርስዋ ትምህርት ከገባች ልጁን ማን ይይዝልኛል?» አለች። ይህ የማጭበርበር ቃል አይደለም። ከዘጠናው ቀን በኋላ ሕጉም፣ መሥሪያ ቤትዋም፣ ባልዋም ያልመለሱላት ጥያቄ ነው። እርስዋም ያልተመለሰላትን ጥያቄ ከእርስዋ በታች ላለችው አስተላለፈችው። እንግዲህ በዚህ ቤት ሁለት የተበደሉ ሴቶች አሉ፤ ነገር ግን አንዲቱ መበደልዋን የምትናገርበት አፍ አላት፣ ሌላዪቱ የላትም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከምእመናን ብዙ ጊዜ የምንሰማቸው ሦስት መልሶች አሉ። በቅንነት የሚነገሩ ስለ ሆኑ በቅንነት ልንመረምራቸው ይገባል።

የመጀመሪያው «እንደ ልጃችን ናት» የሚለው ነው። መልካም ቃል ነው፤ በብዙ ቤትም እውነት ነው። ዳሩ ግን ልጅ ትማራለች፤ ስትታመም ትተኛለች፤ ስታጠፋ ከቤት አትባረርም፤ ከወላጆችዋም ትወርሳለች። ደመወዝ በተነሣ ጊዜ «ልጃችን»፣ ማዕድ በቀረበ ጊዜ «ሠራተኛችን» የምንላት ከሆነ ከሁለቱም ስም የሚጠቅመንን ብቻ መርጠናል ማለት ነው። ልጅ ከሆነች የልጅን፣ ሠራተኛ ከሆነች የሠራተኛን መብት እንስጣት፤ ሁለቱንም ብንሰጣት ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው «ራስዋ ተስማምታ ነው የገባች» የሚለው ነው። ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት መልስ ሰጥታለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት፣ አሠሪና ሠራተኛ ቢስማሙም እንኳ ከስምምነታቸው በላይ የተፈጥሮ ፍትሕ እንዳለ አስተምረዋል። በችግር ተገዶ አነስተኛ ደመወዝ የተቀበለ ሰው፣ በእርሳቸው ትምህርት፣ ግፍ የተፈጸመበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛም ስማቸውን የመረጡት በዋነኛነት ይህን መልእክት አስበው መሆኑን ገልጸዋል። ከገጠር የመጣች፣ በከተማው ማንንም የማታውቅ የ16 ዓመት ልጅ «እሺ» ስትል፣ የሌላ በር አለመኖር እንጂ ነጻ ፈቃድዋ ብቻ አልተናገረም።

ሦስተኛው «እኛም ድሆች ነን» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም የከበደው መልስ ነው፤ በቀላሉ ልንነቅፈው አንደፍርም። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ቤተሰቡን ሊያኖር የሚበቃ እንዲሆን፣ የእናትነት ድካምም በማኅበረሰቡ ዘንድ ዋጋ እንዲያገኝ አሳስበዋል። ስለዚህ በደሉ የሚጀምረው ከዚያች እናት ቤት አይደለም፤ ለእናቲቱ የሚገባትን ከማይከፍለው ነው። ሆኖም ድህነት የምንሰጠውን መጠን ያሳንስ ይሆናል እንጂ ፈጽሞ ከመስጠት ነጻ አያወጣንም። የሰንበት ዕረፍት ገንዘብ አይጠይቅም። በስም መጥራት፣ አለመሳደብ፣ ከማዕዱ እኩል ማካፈል ወጪ የላቸውም። አባት ልጁን ለሁለት ሰዓት ቢይዝም ከኪሱ የሚወጣ ሳንቲም የለም።

በሩቅ ስላሉት ልጆቻችን ማሰብም ይህን ያስረዳናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በቤይሩት ከተማ አሠሪዎቻቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አውርደው ጥለዋቸው የሄዱትን እኅቶቻችንን ባየን ጊዜ ሁላችን አዝነናል፤ ተቈጥተናልም። ቍጣችን ተገቢ ነበር። ነገር ግን በዚያ የተቈጣንበትን ነገር፣ ማለትም የዕረፍት ቀን መከልከልን፣ ደመወዝ መያዝን፣ በር መቈለፍን በገዛ ቤታችን ስናገኘው ልማድ ብለን ካለፍነው፣ ቍጣችን ከፍትሕ ሳይሆን ከወገንተኝነት የመጣ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም የሥራ ድርጅት ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መሆንዋን፣ በሳምንትም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓታት ልታርፍ እንደሚገባት ተናግሮአል። ይህን ለመፈጸም ግን የአንድ ቤት ባለቤቶች የማንንም ፊርማ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሕግ የፍትሕ ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም። ሕግ ከዚህ በታች አትውረዱ ይላል፤ ከዚህ በላይ አትውጡ ግን አይልም። ሐዋርያው ያዕቆብ የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ሲጽፍ፣ ሠራተኛው በየትኛው አዋጅ እንደሚታቀፍ አልጠየቀም። ስለዚህ ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ግዴታችን አይቀንስም፤ እንዲያውም የሚያየን ዳኛ ስለሌለ የበለጠ ይከብዳል።

እንግዲህ በየቤታችን ልንፈጽማቸው የሚቻሉንን ጥቂት ነገሮች እናስታውሳለን። ከ15 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ለሥራ አንቀበል። ከመጀመሪያው ቀን ደመወዝዋን፣ የዕረፍት ቀንዋንና ወደ ወላጆችዋ የምትሄድበትን ጊዜ ሁለት ምስክሮች ባሉበት በጽሑፍ እንስማማ። ደመወዝዋን በቀኑ፣ በገዛ እጅዋ እንስጣት። የምትተኛበት ቦታ ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን። በማታ እንድትማር እንፍቀድላት። ባሎችም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሰጣቸውን የእኩልነት ግዴታ ከወረቀቱ አውርደው ወደ ማድቤቱና ወደ ሕፃኑ አልጋ ያምጡት። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም በየእሑዱ ከበሩ ውጭ ማን እንደ ተቀመጠ ይመልከቱ።

ያቺ ልጅ አሁን ከውስጥ ትቀመጣለች። በእሑድ ጧት አባትየው ሕፃኑን ይይዛል፤ በመጀመሪያ እንዳፈረ፣ በኋላ ግን እንደ ለመደው ራሱ ነግሮናል። የማታ ትምህርትም ጀምራለች። ደመወዝዋ ግን እስካሁን በአጎትዋ እጅ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ ሥራው ገና አላለቀም። መምህሩ ስምዋን በመዝገቡ በጻፈ ጊዜ የአባትዋን ስም ጠየቃት። ወደዚህ ከተማ ከመጣች ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው እንዳልነበረ ነገረችው።

እግዚአብሔር ቤቶቻችንን ይባርክ፤ በቤቶቻችን ያሉትን ሁሉ በስማቸው እንድናውቃቸው ይርዳን።