ዝንብ ያልገባበት አፍ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች፣ ነገሩ የሃይማኖት ሲሆን ምክሩን እናጠብቀዋለን። ሥራህ ይናገር፣ አንተ ዝም በል እንላለን። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አምንበት ነበር።

ያጠራጠረችኝ የሶልት ሌክ ሲቲ ጎረቤታችን ናት። ሞርሞን ናት፤ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል። በረዶ ሲጥል ደጃችንን ትጠርጋለች፤ እናቴ ሐኪም ቤት ስትመላለስ በመኪናዋ ወስዳ ትመልሳታለች። ስለ እምነቷ ግን ትንፍሽ አትልም። እናቴም ደግነቷን «ሲፈጥራት እንዲህ ናት» እያለች ለጠባይዋ ሰጠችው። ቡና ሲፈላ ስንጠራት ትመጣለች፤ ቆሎውን ትቆረጥማለች፣ ስኒውን አትነካም። አቦሉም ቶናውም በረካውም ሲመለስባት የእናቴ ሆድ ሻከረ። «ቡናዬን ተጸየፈችው» አለችኝ። መልካም ምሳሌነት ያለ ቃል ሲቀር እንዲህ ተገልብጦ ይነበባል።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ተናገረች። እ.ኤ.አ. በ1833 በተሰጠው «የጥበብ ቃል» በሚሉት ትምህርት መሠረት ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ እንደማይነኩ ነገረችን። ቀጥላም እሑድ አብረናት ቤተ ክርስቲያኗ እንድንሄድ ጋበዘችን። እናቴ በእኔ አስተርጓሚነት «እኔ ተዋሕዶ ነኝ ልጄ፣ አልመጣም» አለቻት። እሺ አለች። በረዶ መጥረጓንም አልተወችም፤ እናቴም አሁን ጦስኝ ታፈላላታለች።

ተረቱ የሚያስበው ለአፉ ባለቤት ብቻ ነው። ዝም ያለው ሰው ከእፍረትና ከእምቢታ ይተርፋል፤ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ግን ግራ እንደተጋባ ይቀራል። በ1830 የነቢያቸው የጆሴፍ ስሚዝ ወንድም ሳሙኤል፣ መጽሐፈ ሞርሞንን ተሸክሞ በኒውዮርክ ገጠር በር ሲያንኳኳ ብዙዎች መልሰውታል። ለፊኒያስ ያንግ የሸጠው ቅጂ ግን ከእጅ ወደ እጅ አልፎ የፊኒያስ ወንድም ብሪገም ዘንድ ደረሰ። ብሪገም ሲያጤን ቆይቶ በ1832 ተጠመቀ፤ በ1847 ሕዝቡን እየመራ ዛሬ እኛ ወደምንኖርበት ሸለቆ ገባ። ሳሙኤል ዝንቡን ፈርቶ ቢሆን ኖሮ!

ተረቱን ጨርሼ ግን አልጥለውም። እ.ኤ.አ. በጥር 1985 የአሜሪካና የካናዳ ሞርሞኖች በአንድ እሑድ ጾመው፣ ያልበሉትን ምግብ ዋጋ በተለይ ለኢትዮጵያ ረሃብ ሰጡ፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ከዚያ እርዳታ ጋር «ወደ እኛ ና» የሚል ቃል ቢታከልበት ኖሮ፣ የራበው ሰው በምን አቅሙ እምቢ ይላል? እዚያ አፍ መዘጋት አለበት፤ በዚህ ከአባቶቻችን ጋር ነኝ።

እናቴ ግን በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ረከቦቷ ፊት ተቀምጣ «አልመጣም» ለማለት ማንንም አትፈራም። እንዲህ ያለውን ሰው መጠየቅ ማክበር ነው። ጎረቤታችን ቀድማ ብትናገር ኖሮ እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ባልተቀየመቻት።