የሠሪው ዋጋና የሕንፃው ዕዳ

በሌላ ሰው ይዞታ ላይ ድካሙንና ዕቃውን ያፈሰሰ ሰው ዋጋው ቢቀርበት፣ መብቱ በአሠሪው ላይ ብቻ ነው ወይስ በተሠራው ቤት ላይም ጭምር የሚለው ጥያቄ ከሕግ አልፎ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ለዚህ የሰጡት መልስ የግንባታ መያዣ መብት ነው፤ ይህም ያልተከፈለው ግንበኛ ወይም ዕቃ አቅራቢ የቀረበትን ሒሳብ በይዞታው መዝገብ ላይ አስመዝግቦ፣ ባለቤቱ ዕዳውን ሳያነሣ ንብረቱን በቀላሉ እንዳይሸጥ የሚያደርግ፣ በፍርድም እስከ ሐራጅ የሚደርስ ዋስትና ነው። መነሻው የዋሺንግተን ከተማ ስትቆረቆር፣ በ1791 እ.ኤ.አ.፣ የሜሪላንድ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ሲሆን፣ ካሊፎርኒያ መብቱን በሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስፍራዋለች።

ምክንያቱ ከሥራው ጠባይ ይመነጫል፤ አርማታ የሆነ ሲሚንቶ ወደ ከረጢቱ አይመለስም፣ የለሳኙም ድካም ከግድግዳው ተለይቶ አይወሰድም። ጆን ሎክ ሰው ባለቤት ከሌለው ነገር ጋር ድካሙን ሲያዋሕድ የነገሩ ባለቤት ይሆናል ሲል አስተምሯል፤ ቤቱ ግን አስቀድሞ ባለቤት ስላለው፣ ሠሪው የሚያገኘው ባለቤትነትን ሳይሆን ዋጋው እስኪከፈል የሚቆይ ዋስትናን ነው።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 አበዳሪ መያዣ ለመውሰድ ወደ ባለዕዳው ቤት እንዳይገባ፣ ከድሃ የተያዘ ልብስም ፀሐይ ስትጠልቅ እንዲመለስ አዝዞ፣ ወዲያው ደግሞ የድሃ ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ይደነግጋል። ነቢዩ ኤርምያስም ባልንጀራውን ያለ ዋጋ እያሠራ ቤተ መንግሥቱን ባስጌጠው በንጉሥ ኢዮአቄም ላይ ወዮታን አሰምቷል። ከኦሪቱ እንደሚታየው፣ ያው አንድ ሕግ ለሠራተኛው ሲቆረቆር የባለዕዳውንም ክብር ይጠብቃል።

ከባዱ ፈተና የሚመጣው፣ ባለቤቱ ለዋናው ተቋራጭ ከፍሎ ሳለ ገንዘቡ ከተቋራጩ ሥር ለሚሠራው ንዑስ ተቋራጭ ሳይደርስ ሲቀር ነው፤ ባለቤቱ ያለ ጥፋቱ ሁለተኛ ለመክፈል ይገደድ ይሆናልና። የካሊፎርኒያ ሕግ ይህን ለማመዛዘን፣ ከባለቤቱ ጋር በቀጥታ ያልተዋዋለው ሠሪ ወይም አቅራቢ ሥራ በጀመረ በ20 ቀናት ውስጥ ማስታወቂያ እንዲሰጥ፣ መያዣውን ካስመዘገበም በ90 ቀናት ውስጥ ክስ እንዲመሠርት ያዛል። ጊዜን የሚወስነው ይህ ሥርዓት ፍትሐዊ ነው፤ ሠሪውን ባዶ እጁን አይሰድም፣ ባለቤቱንም ፍጻሜ በሌለው ዕዳ አያስርም። ሆኖም የሕጉ መዝገብ የሕሊናን ግዴታ አይተካምና፣ ቤት የሚያሠራ ሁሉ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፣ ድንጋዩን የጠረቡትና ግድግዳውን የለሰኑት መከፈላቸውን ይጠይቅ፤ ያረጋግጥም።