አስሩ ያልተሠሩ ጥያቄዎች

የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር፣ አስር ጥያቄ ያልነካ ተማሪ ምን ያደርጋል? ታውቁታላችሁ፤ ዝም ብሎ ያጠቁራል። በወጣቶች ጥናታችን የሚነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ «የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ መሙላቴ ውሸት አይሆንብኝም?»

አይመስለኝም። ውሸት ሌላውን ማሳሳት ነው። አራት ምርጫ ያቀረበ ፈታኝ፣ ከአራት አንዱ በግምት ሊገኝ እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አልተታለለም። ኩረጃ ግን የሌላውን እውቀት በራስ ስም ማስገባት ነውና ከዚህ ጋር አይደባለቅም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከግምቱ በኋላ የምንናገረው ነገር ነው። እስቲ እናስላው። ስሌቱ እምነት ማጣት የሚመስለው ካለ፣ የዕድልን ሒሳብ ከፌርማ ጋር በደብዳቤ የጀመረው ፓስካል በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1654፣ ከእግዚአብሔር ጋር በተገናኘባት ሌሊት የጻፈውን ወረቀት እስከ ሞቱ ድረስ በልብሱ ውስጥ ሰፍቶ ይዞት እንደኖረ ያስታውስ።

አስሩንም ጥያቄ ምንም ሳያውቁ የሚያጠቁሩ 100 ተማሪዎች አሉ እንበል። ሁሉም ጸልየዋል። በአማካይ እያንዳንዳቸው ሁለት ተኩል ያገኛሉ። ነገር ግን 8 ያህሉ አምስትና ከዚያ በላይ ይመታሉ፤ 6 ያህሉ ደግሞ አንድም አያገኙም። (አስሩንም መምታት? ከሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም።)

እሑድ ለምስክርነት የሚወጣው ማን ነው? ከስምንቱ አንዱ ማይክሮፎን ይዞ «ጌታ ‹ሲ›ን ምረጥ አለኝ» ይላል፤ ጉባኤው እልል ይላል። ከስድስቱ አንዷ ከኋላ ተቀምጣ «እኔንስ ለምን ዝም አለኝ?» ትላለች። ልጁ ማመስገኑ መልካም ነው። ግን ያለ ጸሎትም ቢሆን ከመቶ ስምንት ሰው እንዲህ ይገጥመው ነበር፤ እርሷ እንደ ተተወች እንድታስብ ያደረጋት ቁጥሩ ሳይሆን የእኛ አነጋገር ነው። ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በተዛወረበት ጊዜ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላ አገሪቱ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከጨንቻ ብርድ ወርዶ በአርባ ምንጭ ሙቀት የተፈተነ ልጅ ሳያልፍ ቢመለስ፣ ከቀሪዎቹ 96.7 በመቶ የጸለየ አልነበረም ልንለው ነው?

«ታዲያ ማትያስ በዕጣ አልተመረጠም?» የሚለኝ አይጠፋም። ተመርጧል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1ን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ደቀ መዛሙርቱ በጉባኤው ሁሉ ላይ ዕጣ አልጣሉም። ከጥምቀቱ እስከ ዕርገቱ ከጌታ ጋር የነበረ ማን እንደሆነ አስቀድመው ለዩና ሁለት ሰዎች አቆሙ፤ ከዚያ ጸለዩ፤ ከዚያ ዕጣ ጣሉ። የሚያውቁትን ጨርሰው ነው ወደማያውቁት የሄዱት። ተማሪም በእውቀቱ ሁለት ምርጫ ቢያስወግድ ከአራት አንድ የነበረው ዕድሉ ከሁለት አንድ ይሆናል። ለዚያ ግን የጸሎቱ ሌሊት ብቻ ሳይሆን የጥናቱም ሌሊት ያስፈልጋል።

ደግሞም በዚያ ቀን ዕጣው ያልወጣለት ሰው ነበር፤ በርስያን የተባለው ዮሴፍ። ጴጥሮስ ጸሎትህ ምን ጎደለው ብሎ አልጠየቀውም። እርሱም እንደ ማትያስ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከጌታ ጋር የነበረ ሰው ነው።