ከፉከራው በኋላ

በሠርግ ቤት ፉከራ ሲጀመር ደሙ የማይሞቅ ሰው ጥቂት ነው። ፎካሪው የአባቶቹን ስም ጠርቶ፣ የጣለውን ጠላት ቆጥሮ ሲንጎራደድ እልልታውን የሚያቀልጡለት ሴቶች ናቸው። ጦርነትና ፍቅር በባህላችን እንዲህ በአንድ ዳስ ሥር ይሞገሳሉ። ከዚህ ሙገሳ ምን ያህሉ እውነት ነው? ይህን ጥያቄ በድፍረት ካነሡልን መካከል የቲያትር ጸሐፊዎች ይገኙበታል።

እርግጥ ነው፣ መድረክ ለጦርነት ጥሪም አገልግሏል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ተቃርቦ ስለነበር፣ ዓላማው የሕዝቡን የአገር ፍቅር በንግግርና በዜማ መቀስቀስ ነበር። ይህን አንነቅፍም፤ ቤቱን የሚከላከል ሰው ድፍረት ያስፈልገዋል። ድፍረትን መቀስቀስና ጦርነትን ማስዋብ ግን አንድ አይደሉም።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እናስታውስ። ዴስዴሞና የጦር አለቃውን የወደደችው ያለፈበትን ውጊያና መከራ ሲተርክ ሰምታ ነው፤ እርሱም የወደዳት ለመከራው ስላዘነችለት ነው። ሁለቱም የወደዱት ትረካውን ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ስለዚህም ኢያጎ ሌላ ትረካ ይዞ ሲመጣ፣ ኦቴሎ ሚስቱን ትቶ ወሬውን አመነ።

በርናርድ ሾው ደግሞ በ1894 እ.ኤ.አ. ለመድረክ ባበቃው ኮሜዲ፣ በጥይት ፋንታ ቸኮሌት የሚይዝ ወታደር አሳይቶ ተመልካቹን አሳቀ። ሳቁ መልካም ነው፤ ጦርነት ደጁን ላንኳኳበት ሰው ግን ትንሽ ይርቃል።

ለእኛ የሚቀርበን ጸጋዬ ከጀርመናዊው ቤርቶልት ብሬኽት ሥራ ተነሥቶ ያዘጋጀው «እናት ዓለም ጠኑ» ነው። ብሬኽት በ1939 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህ ቲያትር የሚፈጸመው ከ1618 እስከ 1648 እ.ኤ.አ. በቆየው ጦርነት፣ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በአንድ ክርስቶስ ስም በተራረዱበት ዘመን ነው፤ እኛም ይህን ስናስብ አንገታችንን መድፋት ይገባናል። አንዲት እናት በጋሪ ሸቀጥ ጭና፣ ሦስት ልጆቿን አስከትላ ሠራዊቱን እየተከተለች ትነግዳለች። ልጆቿን ከልቧ ትወዳለች፤ እንጀራዋ ግን ጦርነቱ ነው። ልጇን ለማስለቀቅ በሚከፈለው ገንዘብ ላይ ስትከራከር ልጁ ይረሸናል። ሬሳውን አምጥተው «ታውቂዋለሽ?» ሲሏት፣ ራሷን ለማዳን «አላውቀውም» ትላለች።

ሴት ልጇ ድዳ ናት። ወታደሮች በሌሊት በተኛችው ከተማ ላይ ሊዘምቱ ሲያደቡ፣ እርሷ ጣሪያ ላይ ወጥታ ከበሮ ትመታለች፤ ተኩሰው እስኪገድሏት ድረስ አላቆመችም። ከተማይቱ ነቃች። በቲያትሩ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠውን የጀግንነት ሥራ የሠራችው መፎከር የማትችለው ልጅ መሆኗን ልብ እንበል። ማንንም አልገደለችም፤ የታገለችውም ለማታውቃቸው ሕፃናት ነው።

ድባጤ ሆነን ይህን ስናስብ ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ አይመስለንም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በድባጤ ወረዳ በሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ላይ በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 34 ሰዎች እንደተገደሉ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። መንገደኞች ነበሩ። ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው ጎን ለጎን በሚኖሩበት በዚህ ምድር፣ እያንዳንዱ ለራሱ ጀግና ብቻ ሲዘፍን ያደገ ወጣት የጎረቤቱን ልቅሶ ከየት ይሰማል? ያቺ ልጅ በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በእነዚህ ወጣቶች ፊት ከበሮዋን ስትመታ ብናይ እንወዳለን። የቋንቋ ችግር አይኖርም፤ ከበሮው አስተርጓሚ አያሻውም።

እናቲቱስ? በመጀመሪያ ሲታይ ብዙዎች አዘኑላት፤ ብሬኽት ግን እንዲያዝኑላት ብቻ አልፈለገምና አንዳንድ ትዕይንቶችን መልሶ ጻፈ። መጨረሻውን አልለወጠም። ለልጅቱ መቅበሪያ ገንዘብ ትከፍላለች፤ ከዚያም ጋሪዋን ብቻዋን እየጎተተች ሠራዊቱን ለመድረስ ትፈጥናለች።